«ልዑካን ቡድኑ በጉባኤው ተሳተፈ» ሲባል ለድሬ ሰው ምን ማለት ነው?

ዜናው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «በእከሌ የተመራ የኢትዮጵያ ልዑካን ቡድን በፍልሰትና ልማት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ተሳተፈ። ከጉባኤው ጎን ለጎንም ከአቻዎቻቸው ጋር ፍሬያማ ውይይት አካሄዱ።» ከዚያ ፎቶ ይመጣል። ባንዲራ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ የተጨባበጠ እጅ። ከዚያ ስፖርት።

ድሬ ላይ ይሄን ዜና የሚያይ ሰው ከሁለት አንዱን ይላል። አንዱ «አቦ ተወኝ፣ አበል ሊበሉ ነው የሄዱት» ብሎ ጣቢያ ይቀይራል። ሌላው «ይኸው ተስማሙ፣ መንገድ ሊከፈት ነው» ብሎ ለዘመዱ ይደውላል። ሁለቱም ጋ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። የሁለተኛው ግን ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ደላላ የሚኖረው እንዲህ ባለ ወሬ ነው። «ሰሞኑን ጉባኤ ነበር፣ ሳውዲ ከእንግዲህ ማንንም አታባርርም» ሲል ፎቶውን እንደ ማስረጃ ያሳያል።

ስለዚህ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ወሮቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ ጉባኤዎቹ የሚታወቁት በዚያ ስለሆነ። የኢትዮጵያ አዋጆችን ግን በራሳቸው ቁጥር እጠራለሁ።

ለምን ድሬን ይመለከታል? ድሬ መንገድ ላይ ናት። ከተማዋ ራሷ በ1902 የተቆረቆረችው የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ እዚህ ስለደረሰ ነው፤ ከመጀመሪያውም ሥራዋ ሰውና ዕቃ ማሳለፍ ነው። ዛሬም ከሐረርጌ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ ወይም ከወሎ ተነስቶ በባህር ሳውዲ ለመግባት የሚያስብ ልጅ ከሚይዛቸው መንገዶች አንዱ በእኛ በኩል ነው። ደወሌ፣ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ የመን፣ ከዚያ የሳውዲ ድንበር። ሌላው በጅግጅጋ አድርጎ በቶጎ ውጫሌ ይወጣና በሶማሊያ በኩል እስከ ቦሳሶ ይወርዳል። በጉባኤ ወረቀት ላይ «የምሥራቁ መስመር» የሚባለው ይሄ ነው። የሚሄደውን እናያለን፣ የሚመለሰውንም እናያለን። ስለዚህ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለማን እንደሚወራ ከማንም በላይ እናውቃለን።

አሁን ወደ ጉባኤዎቹ። «ዓለም አቀፍ ጉባኤ» የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም፤ ግራ የሚያጋባውም ይሄ ነው። አንዳንዱ ለመነጋገር ብቻ ነው። አንዳንዱ ሰነድ ያወጣል፣ ሰነዱ ግን ሕግ አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ በግልጽ ንግድ ነው፦ ገንዘብ እዚህ፣ ድንበር ጥበቃ እዚያ።

የመነጋገሪያው ዋና ምሳሌ የፍልሰትና ልማት ዓለም አቀፍ መድረክ የሚባለው ነው። አመጣጡ ደስ ይላል። በሴፕቴምበር 2006 የተባበሩት መንግሥታት ኒው ዮርክ ላይ ስለ ፍልሰትና ልማት የመጀመሪያውን ከፍተኛ ውይይት ጠራ። ያኔ ዋና ጸሐፊው ጋናዊው ኮፊ አናን ነበሩ። ችግሩ ግልጽ ነበር። ሰው የሚሄድባቸውና ሰው የሚነሳባቸው አገሮች በተገናኙ ቁጥር ይወቃቀሳሉ። ሀብታሞቹ «ድንበራችንን የሚጠይቅ ስምምነት አንፈርምም» ይላሉ፣ ድሆቹ «ሠራተኛችንን ትፈልጋላችሁ፣ መብቱን ግን አትፈልጉም» ይላሉ። ስለዚህ አናን ማንም ምንም የማይፈርምበት መድረክ ይኑር የሚል ሐሳብ አመጡ። ነገሩን መስመር ያስያዙት አየርላንዳዊው ፒተር ሰዘርላንድ ናቸው። በ2007 ብራስልስ ላይ ተጀመረ፤ ከዚያ ማኒላ፣ አቴንስ፣ ሜክሲኮ፣ ጄኔቫ፣ ሞሪሸስ፣ ስቶክሆልም፣ ኢስታንቡል፣ ዳካ እያለ ዞረ። በጃንዋሪ 2024 በፈረንሳይ ሊቀመንበርነት ጄኔቫ ላይ፣ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ በኮሎምቢያ ሊቀመንበርነት ሪዮሀቻ በምትባል ከተማ ተካሄደ። የተባበሩት መንግሥታት አካል አይደለም። ጄኔቫ ካለች ትንሽ ቢሮ በቀር ይሄ ነው የሚባል መሥሪያ ቤት የለውም። ሊቀመንበርነቱ ከአገር አገር ይዞራል፣ አጀንዳውንም በአብዛኛው የሚቀርጸው ተራው የደረሰው አገር ነው።

«ታዲያ ምንም ካልተፈረመ ምን ሊሠሩ ይሄዳሉ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የመንግሥታት ብቻ በሆኑት ክፍለ ጊዜዎች ማን ምን እንዳለ በስም አይወጣም። ስለዚህ አንድ የፊሊፒንስ ባለሥልጣን ከኤጀንሲዎች ጋር እንዴት እንደተጣሉና የትኛው ሕጋቸው እንዳልሠራ በግልጽ ሊናገሩ ይችላሉ። የእኛው ባለሙያ ያንን ከሰማ፣ ከያዘ፣ አገር ቤት ተመልሶም ለሚሰማው አለቃ ከነገረ፣ ጉዞው ዋጋ አለው። «ከ»ዎቹ ብዙ መሆናቸውን አያችሁ።

ሁለተኛው ዓይነት ሰነድ የሚያወጣው ነው። ትልቁ በዲሴምበር 2018 ሞሮኮ ውስጥ ማራካሽ ላይ የጸደቀው የፍልሰት ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ነው። 23 ዓላማዎች አሉት። መረጃ መሰብሰብ፣ ፍትሐዊ የሥራ ቅጥር፣ ባህር ላይ ሕይወት ማዳን፣ የሐዋላ ክፍያ መቀነስ፣ ተመላሽን ማቋቋም፣ ሁሉም አለበት። በዚያው ወር 19ኛው ቀን ላይ በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ተሰጠበት፦ 152 ደገፉ፣ 5 ተቃወሙ፣ 12 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ተቃዋሚዎቹ አሜሪካ፣ ሃንጋሪ፣ ፖላንድ፣ ቼክና እስራኤል ነበሩ። አስገዳጅ አይደለም፤ ሰነዱ ራሱ ይሄንኑ ይናገራል። ማንም አገር «አልፈጸምክም» ተብሎ ፍርድ ቤት አይቆምም።

ግን እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «አስገዳጅ አይደለም» ማለት «ዋጋ የለውም» ማለት ቢሆን ኖሮ ቤልጂየም ያጋጠማት ነገር አይገባንም ነበር። በዚያው ዲሴምበር የቤልጂየም ጥምር መንግሥት በዚህ ሰነድ ምክንያት ተሰነጠቀ። ትልቁ ፓርቲ «ካጸደቃችሁ እወጣለሁ» አለ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሻርል ሚሼል ማራካሽ ሄደው ደገፉት፣ ፓርቲው ወጣ፣ እሳቸውም ወሩ ሳያልቅ የሥራ መልቀቂያ አስገቡ። ለማያስገድድ ወረቀት! ስዊዘርላንድ ደግሞ ይብሳል። ድርድሩን ከሜክሲኮ ጋር ሆነው የመሩት የስዊዘርላንድ አምባሳደር ናቸው። ወራት ሙሉ ሌላውን አገር ሲያግባቡ ከርመው ሲያበቁ፣ አገር ቤት ፓርላማው «መጀመሪያ እኔ ልየው» አለና ስዊዘርላንድ ራሷ ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት 12 አገሮች መካከል ሆነች። ልዑኩ አንድ ነገር ነው፣ አገሩ ሌላ። ይሄን ያዙልኝ፣ ለእኛም ይሠራል።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። የማራካሹ ሰነድ ጽሑፍ ያለቀው በጁላይ 2018 ኒው ዮርክ ላይ ነው። ማራካሽ የተኬደው ለማጽደቅ ነው። ፎቶው ላይ ያሉት ሚኒስትሮች ሲደርሱ ሥራው ካለቀ 5 ወር አልፎታል። ሥራውን የሠሩት ስማቸውን የማናውቃቸው፣ ኒው ዮርክ ባሉ ሚሲዮኖች (የየአገሩ ቋሚ ጽሕፈት ቤቶች) የተመደቡ ዲፕሎማቶች ናቸው፤ «እንዲህ ይባል»፣ «አይ፣ እንዲህ ይለዝብ» እያሉ ስድስት ዙር የተጨቃጨቁት እነሱ ናቸው። ትልቅ አገር ለአንድ አጀንዳ ብቻ ሦስት አራት ሰው ይመድባል። ድሃ አገር አንድ ዲፕሎማት ጠዋት የፍልሰት፣ ከሰዓት የአየር ንብረት፣ ማታ የበጀት ስብሰባ ላይ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ስለዚህ የልዑካን ቡድን ብዛት ሁልጊዜ ብክነት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ብዙ ሰው በመጨረሻው ቀን ለፎቶው ሲሄድና በድርድሩ ወራት ወንበሩ ባዶ ሲሆን ነው።

ለመሆኑ የእኛ ቡድን ውስጥ እነማን ይኖራሉ? እንደ ጉባኤው ይለያያል። ስለ ሠራተኛ ከሆነ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይመራል። ውጭ ጉዳይ አይቀርም። ስለ ሰው ዝውውር ወንጀል ከሆነ ፍትሕ ሚኒስቴር፣ ስለ ጥገኝነት ጠያቂ ከሆነ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት፣ ስለ ፓስፖርትና ድንበር ከሆነ ኢሚግሬሽን፣ ስለ ሐዋላና ኢንቨስትመንት ከሆነ የዲያስፖራ አገልግሎት። ሁሉም የየራሱ ፋይል አለው። ከመሄዳቸው በፊት አንድ የጋራ አቋም መያዝ አለባቸው፤ ካልያዙ እዚያ ሄደው እርስ በርስ ይቃረናሉ። ከዚያ መድረክ ላይ ለሚደረገው ንግግር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው። በ5 ደቂቃ ውስጥ አገርህን ታመሰግናለህ፣ አዘጋጁን ታመሰግናለህ፣ ያቀድከውን ትዘረዝራለህ፣ አለቀ። ዜናው ላይ የምንሰማው ይሄንኑ ንግግር ነው፤ የሚያሳዝነው ከሁሉም ዝቅተኛ ክብደት ያለው እሱ መሆኑ ነው።

አበሉስ? አለ፣ የለም አልልም። ግን የድሃ አገር ልዑካንን ትኬትና ሆቴል ብዙ ጊዜ አዘጋጁ ወይም ለጋሹ ይሸፍናል። እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ትኬቱን የቆረጠልህ ሰው ምን ላይ እንደምታወሩ መወሰኑ አይቀርም።

«ፈረሙ» የሚለው ቃል ላይም እንጠንቀቅ። ማንም ሰው ተነስቶ አገርን የሚያስገድድ ውል መፈረም አይችልም። ርዕሰ ብሔሩ፣ የመንግሥት መሪው ወይም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ካልሆነ በቀር ፈራሚው በተለምዶ የሙሉ ሥልጣን ደብዳቤ መያዝ አለበት፤ ይሄ በ1969ኙ የቪየና ስምምነት የተቀመጠ ነው። ከተፈረመም በኋላ በሕገ መንግሥታችን መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቀዋል፤ የአገሪቱ ሕግ አካል የሚሆነው ያኔ ነው። ስለዚህ የጋራ መግለጫ፣ የመግባቢያ ሰነድ እና ምክር ቤት ያጸደቀው ስምምነት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአካባቢያችን አገሮች ድርጅት የሆነው የኢጋድ አባል አገሮች በፌብሩዋሪ 2020 ካርቱም ላይ የተቀበሉት የሰዎች ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል አለ። ለድሬና ለጅቡቲ ከዚህ የሚቀርብ ሰነድ የለም። ግን ሚኒስትሮች ተቀበሉት ማለት የድሬ ነጋዴ በነጋታው መታወቂያውን ይዞ ጅቡቲ ይገባል ማለት አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር በየአገሩ መጽደቅ አለበት፣ የአፈጻጸም ዕቅዱ ረጅም ነው። በተቃራኒው ደግሞ በ1990 የወጣ የፍልሰተኛ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው መብት ስምምነት አለ፤ ይሄኛው ላጸደቀው አገር እውነተኛ ሕግ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች አንዱም አላጸደቀውም። እኛም አላጸደቅነውም። ስለ ዜጎቻችን መብት በየመድረኩ የምንናገረውን ያህል ይሄን ለምን እንዳላደረግን የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ባይ ደስ ይለኛል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አዳራሹ ነው። እውነቱን ለመናገር ትልቁ ነገር ያለው ከአዳራሹ ውጭ ነው። ሽማግሌ ሲላክ አይታችሁ የለ? ሳሎን ውስጥ ምርቃትና ጨዋታ ነው፤ የጥሎሹና የቀኑ ነገር የሚያልቀው ሁለት ሰዎች «እስቲ አንዴ» ተባብለው ወደ ጓዳ ሲገቡ ነው። «ከጉባኤው ጎን ለጎን» የሚለው ሐረግ ጓዳው ነው። ዜናው ላይ መጨረሻ ትመጣለች፣ እኔ ግን መጀመሪያ የማነባት እሷን ነው።

ሦስተኛውን ዓይነት፣ ንግድ ያልኩትን፣ ለማየት ቫሌታን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መጨረሻው ድሬ ድረስ ይደርሳል። በኖቬምበር 2015 የአውሮፓና የአፍሪካ መሪዎች በማልታ ዋና ከተማ ቫሌታ ተሰበሰቡ። ያ ዓመት አውሮፓ በሜዲትራኒያን በሚገባው ሰው የተደናገጠችበት ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 2014፣ ሮም ላይ የካርቱም ሂደት የሚባለው ተጀምሯል፤ የአፍሪካ ቀንድና የአውሮፓ አገሮች ስለዚሁ መስመር የሚነጋገሩበት ነው። ቫሌታ ላይ ለአፍሪካ የሚሆን የአደጋ ጊዜ ፈንድ ይፋ ሆነ፣ ሲጀመር ወደ 1.8 ቢሊዮን ዩሮ ተመደበለት፣ በኋላ በጣም አደገ። ገንዘቡ ለሥራ ፈጠራም ለድንበር ቁጥጥርም ነበር፤ የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም።

በዚያው ጉባኤ ጎን ኢትዮጵያና የአውሮፓ ኅብረት በፍልሰትና ዝውውር ላይ የጋራ አጀንዳ የሚል ሰነድ ፈረሙ። ይሄም አስገዳጅ ውል አልነበረም። ሕጋዊ መንገድ ይሰፋል፣ ልማት ይደገፋል፣ ዝውውር ወንጀልን አብረን እንከላከላለን፣ እና አውሮፓ መቆየት ያልተፈቀደላቸውን ዜጎቻችሁን ትቀበላላችሁ። የመጨረሻዋ ነጥብ ናት የተከተለችን። በ2018 መጀመሪያ ላይ ተመላሾቹ እንዴት ማንነታቸው እንደሚጣራ የሚገልጽ አሠራር ላይ ስምምነት ተደረሰ። ከዚያ ዓመታት አለፉ። ኅብረቱ «ኢትዮጵያ በቂ ትብብር አላደረገችም» አለ። በኤፕሪል 2024 መጨረሻ ላይ ቅጣት መጣ፦ ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ቆመ፣ ሰነድ ማቅለል ቀረ፤ የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት የያዘውም የቪዛ ክፍያ ነፃ መሆኑ ቀረ። አዎ፣ ወደሚቀጥለው ጉባኤ የሚሄደው ልዑክ ራሱ ማለት ነው። ይቺን ሳነብ ትንሽ ፈገግ አልኩ፣ አልዋሽም።

አሁን ከድሬው ሳቢያን ሰፈር አንዲት እናት ጀርመን ያለች ልጇን ልታርስ ቪዛ ጠይቃ 45 ቀን ስትጠብቅ «ኤምባሲው ጨካኝ ነው» ትላለች። ኤምባሲው አይደለም። ፋይሏ ላይ ያለው መዘግየት የተጀመረው ከዓመታት በፊት ማልታ ላይ፣ ከጉባኤ ጎን ለጎን በተፈረመ ሰነድ ነው። የመመለሱን ነገር ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እናንተው ፍረዱ። እኔ የምለው፣ ያኔ ዜናው ላይ «ፍሬያማ ውይይት» ብቻ ከተባለ ሕዝቡ ምን ተሰጥቶ ምን እንደተወሰደ ሳያውቅ ነው ሂሳቡን የሚከፍለው።

የባሕረ ሰላጤው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የእኛ አካባቢ ሰው በብዛት የሚሄደው አውሮፓ ሳይሆን ዓረብ አገር ነው። ብዙውን ገንዘብ የሚያዋጡት ግን አውሮፓውያን ስለሆኑ፣ ወሬው ሁሉ ሜዲትራኒያን ላይ ያተኩራል። በኦገስት 2025 መጀመሪያ ከ150 በላይ ሰው የጫነች፣ አብዛኛው ተሳፋሪዋ ኢትዮጵያዊ የሆነ ጀልባ የመን አብየን ጠረፍ ላይ ሰጠመች። በጣሊያን ደሴት አጠገብ ቢሆን ኖሮ የመሪዎች ጉባኤ ይጠራ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዓረብ አገሮች ጋር ነገሩ የሚያልቀው በጉባኤ ሳይሆን በሁለትዮሽ ነው። በ2013 መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ። ሳውዲም በዚያው ሰሞን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰው ተመለሰ። እገዳው የተነሳው በ2018 ነው። በመሃል ሰው መሄድ አላቆመም፤ በቪዛ የሚሄደው በእግርና በባህር መሄድ ጀመረ። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የወጣው ይሄን መልክ ለማስያዝ ነው፣ በኋላም በአዋጅ 1246/2013 ተሻሽሏል (የአዋጆቹ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)። ዋናው መርህ ቀላል ነው፦ ከተቀባዩ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ከሌለ ኤጀንሲ ሠራተኛ አይልክም። ስለዚህ «እከሌ አገር ልላክሽ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከዚያ አገር ጋር ስምምነት አለን ወይ?» ነው። እንዲህ ያለው ስምምነት ላይ የሚቀመጠው ልዑክ ነው ስለ ደመወዝ፣ ስለ እረፍት ቀን፣ ፓስፖርትሽን ማን እንደሚይዝ፣ መዳም ደመወዝ ስትከለክል ለማን እንደሚደወል የሚነጋገረው። ካፊሉ፣ ማለትም ቪዛውን ያወጣው አሠሪ፣ ካልፈቀደ ሥራ መቀየር አለመቻልን የመሰለ ነገር በጄኔቫ ንግግር አይፈታም።

ገንዘብ ላይ በአጭሩ ልለፍ። በጁላይ 2015 እዚሁ አዲስ አበባ በተደረገው ለልማት ፋይናንስ የሚሆን ሦስተኛው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ፣ ገንዘብ ለመላክ የሚከፈለው እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ አገሮች ቃል ገቡ። 200 ዶላር ሲላክ 6 ዶላር ማለት ነው። የዓለም አማካይ እስካሁን ከ6 በመቶ በላይ ነው፣ ወደ እኛ አህጉር ሲላክ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ቃሉ ጥሩ ነው። ግን እዚሁ ድሬ መጋላ ገበያ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ሰውን ወደ ጥቁር ገበያ የገፋው የመላኪያ ክፍያው አልነበረም፣ ምንዛሪው ነበር። ከጁላይ 2024ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት ባንክ ዶላሩን 57 ብር ገደማ ሲገዛ ጥቁር ገበያው ላይ እጥፍ ገደማ ይገኝ ነበር። ማን ሞኝ አለ? የትኛውም ልዑክ የትም ሄዶ ይሄን ሊፈታው አይችልም ነበር፤ ቁልፉ አገር ቤት ነበር።

እንግዲህ ዜናውን ስታዩ «የት ሄዱ?» ከማለት ይልቅ ጉባኤው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ እዩ። ከማን ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡ? ወረቀቱ መግለጫ ነው፣ መግባቢያ ነው ወይስ ምክር ቤት የሚሄድ? የማራካሹን ቃል ኪዳን የሚገመግም ስብሰባ በየ4 ዓመቱ ኒው ዮርክ ላይ ይደረጋል፣ የመጀመሪያው በሜይ 2022 ነበር። አገሮች ምን እንደሠሩ በፈቃዳቸው የሚያቀርቡት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ነው። ጋዜጠኞቻችን ከፎቶው ይልቅ እሱን ቢያነቡልን።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከ2018 ጀምሮ የፍልሰትና ልማት መድረኩ የከንቲባዎች ክንፍ አለው። ነገሩ የገባቸው ሰዎች ናቸው ያመጡት፦ ፖሊሲ የሚወጣው በዋና ከተማ ነው፣ ሰውየው ግን የሚያድረው በአንድ ከተማ አውቶቡስ ተራ ነው። ድሬ ደግሞ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ፣ የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት ያላት አስተዳደር ናት። ወንበር ለመጠየቅ ከማንም አታንስም።

ብትሄድ ግን ምን ይዛ ትሂድ? ስለ ባቡሩ ታሪክና ስለ ፍቅር ከተማነቷ የሚያወራ ብሮሹር ይዛ ከሄደች ትቅር። ይዛ መሄድ ያለባት በወር ስንት ተመላሽ በደወሌ በኩል እንደሚገባ፣ የመጀመሪያ ሌሊት የት እንደሚያድር፣ ከመካከላቸው ስንቱ ከ18 ዓመት በታች እንደሆነ፣ የታመመው በማን ወጪ እንደሚታከም፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሬሳ ሲገኝ ማን እንደሚቀብር የሚገልጽ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከሌለ ከአሁኑ መቁጠር ይጀመር። እና እኔ ብጠየቅ ከከንቲባው ጎን ባለው ሁለተኛ ወንበር ላይ የማስቀምጠው የፕሮቶኮል ሹም አይደለም፤ ተመላሾች መጀመሪያ የሚያገኟትን የጤና ጣቢያ ነርስ ነው፣ ኦሮምኛም ሶማሊኛም አማርኛም የምትችለዋን። ለ3 ደቂቃው ንግግር እሷ ትበቃለች፣ አበሉም ይገባታል።